በጀርባ የወጣ ግድግዳ

እሁድ ጠዋት፣ ጉሙ ከጣሊያኑ ፖ ወንዝ ላይ ገና ሳይነሣ፣ ፖሊሶች የአሮጌውን ስኳር ፋብሪካ መግቢያ በመኪና ዘጉት። ዓርብ የገባው ሕዝብ ግን ያን ያህል አልተደናገጠም። ግማሹ አዳራሹ ውስጥ ይጨፍራል፣ ግማሹ ከቆመ መኪናው ኋላ ቡና ያፈላል፣ አንዲት ልጅ ውሻዋን በባልዲ ውሃ ታጥባለች። ነፃ ድግስ ማለት ያለ ፈቃድ፣ ያለ ትኬት፣ ያለ ጌታ የሚደገስ ድግስ ነው። ፖሊስ ካልመጣበት ምናልባት ሙዚቃው አልተሰማም ይሆናል እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

የደነገጠችው ፊዮሬንዛ ብቻ ናት። ግድግዳው የእሷ ነበራ።

ግድግዳ የሚሉት እርስ በርሱ የተደራረበውን የስፒከር ሣጥን ነው። ሕዝቡ ወደ እሱ ዞሮ ይጨፍራል። ሙዚቃ አጫዋቹ ከኋላ ተደብቆ ነው የሚሠራው፤ «ማነው የሚያጫውተው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ ትናንት የመጣ ሰው ነው። ይህን ግድግዳ ፊዮሬንዛ በገዛ እጇ ነው የሠራችው። አድሪያ ከተማ ውስጥ የበርና የመስኮት አናጢ ናት፤ ቀን የሰው በር ትሠራለች፣ ክረምት ክረምት ደግሞ ሣጥኖቿን ትቆርጣለች፣ ታጣብቃለች፣ ትሞርዳለች። ባል አላገባችም፣ ቤት አልገዛችም፤ ዘመዶቿ «ያቺ እንጨት ያገባች» ይሏታል። እሷም አልካደችም።

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ ፖሊስ የወሰደው ግድግዳ አይመለስም። ይሰባበራል። የዚያን ቀን ያስደነገጣት ይኸው ነው።

ኮማንደሩ በር ላይ ጠራት። ጢሙን በወጉ የከረከመ፣ የእሁድ ምሳው የሚቀዘቅዝበት የሚመስል ሰው ነው።

«እመቤት፣ ሰዎቹ መታወቂያ እያሳዩ፣ ተፈትሸው ይውጡ። ማንንም አንነካም። የድምፅ መሣሪያው ግን ይቀራል።»

«ይቀራል ሲሉ፣ እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«እኔም አላወጣሁትም» አለችው። «ሁለታችንም ካላወጣነው ታዲያ ምን አጣላን?»

ኮማንደሩ ሊስቅ ትንሽ ነበር የቀረው። «እስከ እኩለ ቀን እጠብቃችኋለሁ» አለና ፊቱን መለሰ።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ሙዚቃው ጠፍቷል። ያጠፋው ሉዶቪኮ ነው። ሉዶቪኮ ከጥንት ጀምሮ ጓደኛዋ ነው፤ ጭነት መኪናውን ይነዳል፣ አፈ ቅቤ ነው፣ ከድንጋይ ጋርም ቢሆን ይደራደራል። ሕዝቡን ሰብስቦ ለመምከር ብሎ ነበር ያጠፋው። ከዚህ የባሰ ስሕተት ግን በዚህ ሕዝብ ዘንድ የለም። ሙዚቃ የሚጠፋው የጭነት መኪናዎቹ ሞተር ከተነሣ በኋላ ነው። ቀድሞ ከጠፋ ሰው ወደ ራሱ ይመለሳል፤ አንዱ ሰኞ ሥራ እንዳለበት፣ አንዱ እናቱ እንደምትጠብቀው፣ አንዱ እግሩ እንዳበጠ ትዝ ይለዋል። እውነትም ድንኳን የሚያጥፉ ሰዎች በየጥጉ ታዩ።

«አንተ ጅል! ምን ሆነህ ነው?»

«ልንወያይ ብዬ ነዋ።»

«ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ከማን ጋር ነው የምትወያየው? ከሸረሪት ጋር? አብራ!»

አበራ። ምድሩ እንደገና ተንቀጠቀጠ፣ ድንኳን ያጣጥፉ የነበሩትም ጥለውት መጡ።

ሉዶቪኮ ሐሳብ አላጣም። ሣጥኖቹን በጓሮ በኩል አውጥተን በቆሎው እርሻ ውስጥ እንደብቃቸው አለ። ፊዮሬንዛ ሣቀችበት። አንዱን ሣጥን ለማንሣት አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ፖሊስም ዕውር አይደለም። ግድግዳዋን ቀና ብላ አየችው። እያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ባሱን፣ ያን ምድር የሚያንቀጠቅጠውን ወፍራም ድምፅ፣ የሚያወጣ ከባድ ክብ ነገር አለ፤ ማግኔት የተለጠፈበት፣ እነሱ «ድስት» የሚሉት። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ዛሬ ቢፈለግ አይገኝም። አንድ ድስት ደግሞ በትልቅ የጀርባ ቦርሳ ይገባል።

«እንጨቱን ይውሰዱት» አለች።

«ምን?»

«ድስቶቹን ፈትተን ለሕዝቡ እናድል። ሰው ይዟቸው ይውጣ።»

«አብደሻል? እነዚህን ሣጥኖች ስትሠሪ ስንት ክረምት ፈጀብሽ!»

«የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን አንጣል። እንጨት እንደሆነ ጫካ ሙሉ ነው። እኔም አልሞትኩ።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ሉዶቪኮም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

«እሺ፣ የሚወስዱትን ስማቸውንና ስልካቸውን ልጻፍ?»

«ጻፍና ፖሊስ ያንብብልህ።»

በነፃ ድግስ ሰው ስም አይጠይቅም። አንዱ ጃርት ይባላል፣ አንዷ ዶሮ፣ አንዱ ጳጳስ፤ ከዚያ ወዲያ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሣጥኖቹ የሕይወቷ ሥራ ናቸው፤ የቀረውን ደግሞ ስማቸውን ለማታውቃቸው ሰዎች ልታስረክብ ነው። ፈራች። ፈርታም ወደ ግድግዳው ሄዳ የመጀመሪያውን ብሎን ፈታች።

ሕዝቡ ነገሩ በሹክሹክታ ሲደርሰው ተጠጋግቶ ግድግዳውን ጋረደው። እየጨፈሩ ይጋርዳሉ፣ እየጋረዱ ይጨፍራሉ። ፊዮሬንዛ ከታችኛው ረድፍ ጀምራ ትፈታለች፣ ሉዶቪኮ ያቀብላል። እያንዳንዱ ተቀባይ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይነገረዋል፤ «አድሪያ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጎን፣ ሰማያዊው በር።» አንዲት እናት ድስቷን በሕፃን ጋሪ ውስጥ ከተኛው ልጇ እግር ሥር አደረገችው። አንዱ ወፍራም በዝናብ ካፖርቱ ሥር አሰረውና «መንታ ነው፣ ቀስ በሉ» እያለ ሄደ።

ጃርት ፀጉሩ የቆመ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ጎረምሳ ነው። ከደቡብ፣ ከባሪ ከተማ ድረስ ነው የመጣው፤ እዚያ ከጓደኞቹ ጋር የራሳቸው ትንሽ ግድግዳ አላቸው።

«አክስቴ፣ ለእኔ ከባዱን ስጪኝ።»

«ሁሉም እኩል ነው። ቀላሉ አንተ ነህ።»

«እንዲያውም ተሸክሞኝ ይሄዳላ!» አለና አቅፎት ወጣ።

በር ላይ ያሉት ፖሊሶች የሚፈልጉት ሐሺሽ ነው። አንዱ ቦርሳ ከፍቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል «ድስት» አሉት። ድስትስ አይመስልም አለ። «አዎ፣ ፍሬን ነው፣ የመኪና» አሉት። እሱም ኪሳቸውን ዳብሶ አሳለፋቸው። ለፖሊስ ስፒከር ማለት ትልቅ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ሣጥኖቹ ደግሞ ያው ከሩቅ እንደተደረደሩ ይታያሉ።

ባሱ እየሳሳ ሄደ። ባስ የሌለው ሙዚቃ ጨው የሌለው ምግብ ነው፤ በመጨረሻ ከላይ ያሉት፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ትናንሽ ጡሩምባዎች ብቻ እንደ ትንኝ ሲጮሁ ቀሩ። የቀሩት ሰዎች ግን ከዓርብ የባሰ ጨፈሩ። እግራቸው ራሱ ሲሚንቶውን እየመታ የጎደለውን ባስ ሞላው። ፊዮሬንዛ ሥራዋን ጨርሳ፣ እጇ በብሎን ተላልጦ፣ ከመካከላቸው ገባችና ከፖሊስ፣ ከሕግና ከእንቅልፍ ጋር ተጣልታ ጨፈረች።

እኩለ ቀን ላይ ኮማንደሩ ሰዎቹን አስከትሎ ገባ።

«እመቤት፣ ያጥፉት።»

«እርስዎ ያጥፉት። እኔ የሰው ጭፈራ አቋርጬ አላውቅም።»

ኮማንደሩ ወደ ማሽኖቹ ሄዶ አንዱን ቁልፍ ጠመዘዘ። ሙዚቃው ጨመረ። ሕዝቡ በጭብጨባ አመሰገነው። ሌላ ሞከረ፤ ጡሩምባዎቹ ጆሮ በሚበጥስ ፉጨት ጮሁ። በስተመጨረሻ ጆሮው ቀልቶ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው።

አራት ፖሊሶች አንዱን ሣጥን ከበው፣ ወገባቸውን አጥብቀው፣ በአንድ ትንፋሽ አነሡት። ሣጥኑ ቀልሎ ሽቅብ ሲወጣባቸው ሁለቱ በቂጣቸው ተቀመጡ። አዳራሹ በሣቅ ፈነዳ። ኮማንደሩ የሣጥኑን ፊት በሸፈነው የሽቦ ወንፊት አጮልቆ አየ፤ ከጨለማ በቀር የለም።

«እዚህ ውስጥ ምን ነበር?»

«ባስ።»

«የት ሄደ?»

«ምን አውቃለሁ። ነፃ ድግስ አይደል፤ ሲፈልግ ወጣ።»

ስሟን ጻፈ፣ ፍርድ ቤት እንደምትጠራ ነገራት፣ ሣጥኖቹን አስጫነ። እሷም እስከዚያ ድረስ ቻለችው። የመጨረሻው ሣጥን መኪናው ላይ ሲወረወርና ጠርዙ ሲሰነጠቅ ግን ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ መጥረጊያ አነሣችና የፋብሪካውን ወለል ልትጠርግ ገባች፤ ከድግስ በኋላ ቆሻሻ ትቶ መሄድ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው።

በጋውን ሙሉ አዳዲስ ሣጥኖች ሠራች፤ ፍርድ ቤቱ ገና አልጠራትም። አንድም ድስት ሳይመለስ ጀመረችው፤ ሉዶቪኮ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ቢያሾፍባትም ለእያንዳንዱ ሣጥን ቀዳዳውን በልኩ ቆረጠች። ከዚያ ሰማያዊው በር ይንኳኳ ጀመር። የሕፃን ጋሪዋ እናት በባቡር መጣች። ወፍራሙ «ወለድኩ» ብሎ ገባ። አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጥተው፣ ስማቸውን ሳይናገሩ ይሄዳሉ። ወይን መለቀም ሲጀምር አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀረ።

«ጃርት ነው። ሸጦ በልቶታል» አለ ሉዶቪኮ።

ጃርት የመጣው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ።

«አክስቴ፣ ያንቺን ውሃ በላው።»

«አላልኩሽም? ሸጦታል!» አለ ሉዶቪኮ።

«ውሃ በላው ነው የምልህ፣ የእውነት ውሃ። በር ላይ ፈራሁ። በጓሮ ዞሬ ቦዩን ልሻገር ስል አንሸራተተኝ። እኔ ወጣሁ፣ እሱ ሰመጠ። ሦስት ጊዜ ጠልቄ ፈልጌዋለሁ።»

ብርድ ልብሱን ፈታው። ትልቅ ጥቁር ድስት ነው፤ የእሷ ዓይነት አይደለም።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለች ፊዮሬንዛ።

«ከእኛ ግድግዳ ላይ ነቅዬ።»

«ልጆቹ ምን አሉህ?»

«መጀመሪያ ሊገድሉኝ ነበር። በኋላ ራሳቸው በመኪና አደረሱኝ። ውጪ ናቸው፣ አፍረው ነው ያልገቡት።»

ሉዶቪኮ ድስቱን በስንዝሩ ለካው፤ ቀዳዳውንም ለካው። «አይገባም። ቢገባም ድምፁ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። ሣጥኑን ታበላሺዋለሽ።»

ጃርት አንገቱን ደፋ። ፊዮሬንዛ ሣጥኑን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ የለሰለሰ ነበር፣ ከወንድሞቹ በፀጉር እንኳ አይለይም።

«የእናንተስ ግድግዳ እንዴት ሆነ?» አለችው።

«አንድ ዓይና ሆኗል። ይጮሃል ግን።»

እርሳስ አነሣች፤ ጃርት ድስቱን በአፉ እንዲደፋላት አድርጋ ዙሪያውን ከአሮጌው ክብ ውጪ ሰፋ አድርጋ አሰመረች።

«ሉዶቪኮ፣ ውጪ ያሉትን ልጆች ጥራቸው፤ ሣጥኑን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለችና መጋዟን አስነሣች።