የግራኟ ቁጥር አንድ

ሠላሳ ዓመት ካሜራ ተሸክሜ ቀኝ ትከሻዬ የተንጋደደ ሰው ነኝ። ስለ ካሜራ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም፤ የወለድኳት ልጅም ብትሆን።

በጣቢያችን እያንዳንዱ ካሜራማን የራሱን ሴቲንግ፣ ቀለሙንም ብርሃኑንም፣ በትንሽ ካርድ ይይዛል። ካርዱን ካሜራው ላይ ይሰካል፣ ቁጥር አንድን ይጫናል፣ አለቀ። የእኔን ዘጠኝ ዓመት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዞሬያለሁ። ሚስቴ «ከጋብቻ ቀለበትህ ይልቅ እሱን ነው የምትጠብቀው» ትለኛለች። አልዋሸችም።

ልጃችን የምትሠራው በግራ እጇ ስለሆነ ጣቢያው በሙሉ «ግራኟ» ይላታል። ሁለት ዓመት ገመድ ስትጠቀልል ቆይታ፣ ለነርሶች ምርቃት የቀጥታ ስርጭት ዋናው ካሜራ ተሰጣት። ዳይሬክተሯ ሰው ማባበል አታውቅም። «ካማረ ካሜራው ያንቺ ነው፤ ከተበላሸ ወደ ገመድሽ» አለቻት።

ጠዋት አዳራሹ ስደርስ ልጄ ካሜራው ላይ አቀርቅራለች። ካርዴን ከአንገቴ አወጣሁ።

«እንኪ፣ ሰክተሽ ቁጥር አንድን ተጫኚ።»

«አባዬ፣ እኔ የራሴን ሠርቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለፋበት ነው የከረምኩት።»

«የራስሽን? ኧረ ቀስ! እንቁላል እንኳ በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው!»

«ያንተ እኮ ለድሮው ቢጫ መብራት ነው። አምፖሎቹ ባለፈው ሳምንት በነጭ ተቀይረዋል።»

ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። እልኸኛ ነኝ፣ አልክድም። ገፋ አድርጌያት ካርዴን ሰካሁና ቁጥር አንድን ተጫንኩ።

ሞኒተሩ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ተመራቂ ትታያለች። ፊቷ ሰማያዊ ሆኖ በውርጭ ያደረች ትመስላለች። ጋውኗ ኪሱም እጥፋቱም ጠፍቶ የነጣ ጨርቅ ብቻ ሆኗል።

«በቃ፣ ያንቺን መልሺው» አልኳት፣ አንገቴን ደፍቼ።

ልጄ አንዴ ካሜራውን፣ አንዴ እኔን አየች። «የቱን ልመልስ? ለእኔ ገና ካርድ አልተሰጠኝም፤ የእኔ ያለው ካሜራው ላይ ብቻ ነበር፣ ያንተ ሲገባ አጠፋው እኮ።»

ክው አልኩ። ይህን ስህተት ጀማሪ ሲሠራ ስንቴ ጮኼበታለሁ! ስርጭቱ ሊጀመር አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። የልጄን እንጀራ በገዛ እጄ ዘጋሁ!

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ አንድ ነጭ ወረቀት ሰጠችኝ። «መድረኩ ላይ ወጥተህ ያዝልኝ።»

ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሰውዬ፣ ወረቀት ያዥ!

«ከፍ አድርገው። አባዬ፣ አትንቀጥቀጥ!»

ቀጥ አልኩ። በነጩ ወረቀት ቀለሙን አስተካከለች። ከዚያ አንዲት ጠይም፣ አንዲት ቀይ፣ አንዲት ጥቁር ተመራቂ አጠገቤ አቆመች። ግራ እጇ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጥ ዓይኗ ከፊታቸው አልተነቀለም። አንዷን ስታስተካክል የሌላዋ ጋውን ይነጣባታል፣ ትመልሰዋለች፣ ደግማ ትነካካዋለች። ምንም አልጻፈችም፤ ሁሉም እጇ ላይ ነበር። ሁለት ደቂቃ ሲቀር «ጨረስኩ፤ ውረድ» አለችኝ።

ስርጭቱ ተጀመረ። የሦስቱም ፊት በየመልኩ ወዝ አለው፣ የጋውናቸው ስፌት ሳይቀር ይቆጠራል። እኔ በቢጫውም መብራት እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ እውነቱን መናገር ነው። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግኩትም። ልጄ ናታ!

ሲያልቅ ዳይሬክተሯ መጥታ «ግራኟ፣ ገመድሽን ለሌላ ሰው አስረክቢ» ብላ ሄደች።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እሺ አባዬ፣ እንቁላሉስ?»

«ሮጠ እንጂ! በይ፣ ያንቺን ካርዴ ላይ ጫኚው። ቁጥር አንድ ላይ።»

«ያንተ ይጠፋል እኮ።»

«ጠዋት ያንቺን ሳጠፋ አስፈቅጄሽ ነበር? ጫኚ!»

ጫነችው። ካርዱን አንገቴ ላይ መለስኩና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ዘበኛው በሩን ሲከፍትልኝ፣ ሳይጠይቀኝ፣ «ዋናውን ካሜራ የያዘችው ልጄ ናት» አልኩት።