በመመሪያችን ላይ «አንድም» እያለ የሚጽፈው ማን ነው?

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ዋሽቼ ከሆነ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሁሉ ዳገት መሃል ይቁምብኝ። ጎንደር ውስጥ ዳገት የሌለው መንገድ እንደሌለ የሚያውቅ ሰው መሐላዬን አይንቅም።

«ቀንድ» የሚባል፣ በስልክ የግእዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም አለ። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ሆኖ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በደቦ ሠሩት። ደሞዝ የለው፣ አለቃ የለው። ተጠቃሚው ሲቸገር የሚያነበውን የአማርኛ መመሪያ የምንጠብቀው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለን ሦስት ሰዎች ነን፦ ፅዮን፣ አምሐና እኔ ውዱ። ፅዮን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ አምሐ ተማሪዋ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ጋር ተጣልቼ እስካሁን ያልታረቅሁ ሰው ነኝ። ፅዮን ግን «አንተ የገባህ ነገር ለሁሉም ይገባዋል» ብላ የመመሪያውን ቁልፍ ሰጠችኝ። ቁልፍ የምንለው የይለፍ ቃሉን ነው፤ እሱን የያዘ ይጽፋል፣ ያርማል፣ ይሰርዛል። ስድብ ይሁን ምርቃት አልጠየቅኋትም። በዚህ ምድር ላይ ስሜ ከመልካም ነገር ጎን የተጻፈው እዚያ ገጽ ግርጌ ብቻ ነው።

ቁልፍ የሌለውም ሰው ቢሆን ስሙን ሳይናገር ከገጹ ሥር መጨመር ይችላል። ጉዱ የገባው በዚያ በር ነው።

አንድ ጠዋት «ያጠፋኸውን ለመመለስ ቀስቷን ተጫን» ከሚለው ሥር እንዲህ ተጽፎ ተገኘ፦

«ቀስቷን ተጫን ማለቱ፣ ያጠፋ ሰው ይመለስ ሲል ነው። አንድም፣ ሳትቸኩል ተጫን ሲል ነው፤ የቸኮለ ጣት ሁለት ፊደል ይረግጣልና።»

በማግስቱ ሌላ ገጽ ላይ ተደገመ። ከዚያም በሌላው። «አንድም» መመሪያውን እንደ ተምች ወረረው።

ፅዮን ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረች። «ምነው ውዱ?»

«ምነው ምን?»

«እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ቀልድ የሚያውቅ ማን ነው?»

«እኔ ስቀልድ እንዲህ አያምርም!»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለ አምሐ፣ ከሻዩ ቀና ሳይል። «ግን ‹ስልክህ ከጋለ ውኃ አጠጣው› ብሎ የጻፈው ማን ነበር?»

«እሱ ምክር ነው።»

«አንድ ሰውዬ አጠጣው እኮ!»

ፅዮን አልሳቀችም። «ሰው እዚህ ገጽ ላይ የሚመጣው ሲቸገር ነው፤ መጫወቻ አይደለም። እስከ እሁድ ጸሐፊውን አምጣልኝ። ካላመጣህ ቁልፉን እቀይረዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። የአምሐ አያት ቄስ ናቸው፤ ታዲያ «አንድም» ማለት ከሱ በላይ ለማን ይቀርባል? ስልኩን ሲነካ ጣቱን አያለሁ፤ እሱም የኔን ያያል። ለሽንት ሲወጣ ስልኩን ይዞ ይወጣል፤ እኔም የኔን። ፅዮን ራሷ እኔን ማባረሪያ ሰበብ እየጻፈች እንደሆነስ? አልኩ። ሻይ እንኳ የቀዳውን ሰው ፊት ሳላይ አልጠጣም ነበር።

በመጨረሻ ወጥመድ አጠመድኩ። ለማንም ሳልናገር አንድ የሐሰት ገጽ ጻፍኩ፦ «ፊደሉ እምቢ ካለህ ስልክህን ወደ ምሥራቅ አዙረህ ሦስቴ እፍ በልበት።» አምሐ ከሆነ ሲያነበው ሳቁ ያጋልጠዋል፤ ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ይህን የሚተረጉም ጤነኛ የለም ብዬ ነው።

አምሐ አልሳቀም። በማግስቱ ግን ገጹ ተተርጉሞ ጠበቀኝ!

«ወደ ምሥራቅ አዙር ማለቱ፣ ምሥራቅ የፀሐይ መውጫ ነውና ብርሃን ባለበት ጻፍ ሲል ነው። እፍ በል ማለቱ፣ አቧራውን አራግፍ ሲል ነው። አንድም፣ በብርድ የደነዘዘ ጣት ስልኩ አያውቀውምና ጣትህን አሙቅ ሲል ነው። አንድም፣ ከየትነበርሽ ምግብ ቤት በስተምሥራቅ ያለው ጉብታ ኔትወርክ ይይዛልና ወደዚያ ውጣ ሲል ነው።»

ሌባው አድራሻውን ጽፎ ሄደ! ወደ ደባርቅ የሚጭን አንድ ሹፌር ስለ የትነበርሽ ጠየቅሁት።

«ኮሶዬ ናታ! ሽሮዋ ሸጋ ነው» አለኝ።

ተሳፈርኩ። ኮሶዬ ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ይዞ «የት ነህ?» አለኝ። መንገድ ዳር የተቀመጠ ጭላዳ ዝንጀሮ ጋቢዬን ከላይ እስከ ታች አየና «ስንት ትላለህ?» የሚል ፊት አሳየኝ። አልፌው ከምግብ ቤቱ ኋላ ወዳለው ጉብታ ወጣሁ።

እዚያ አንድ ባለ ጥምጥም ሽማግሌ መምህር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ደቀ መዛሙርቱ ከበዋቸዋል። አንዱ የኛን መመሪያ ከስልክ ላይ ጮክ ብሎ ያነባል። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይተረጉማሉ። ሌላው ይጽፋል።

«የኔታ፣ መመሪያው ላይ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት?»

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

«ውዱ እባላለሁ። ከመመሪያው ጠባቂዎች አንዱ ነኝ።»

«እሰይ! ባለቤቱ መጣ» አሉ የኔታ ወልደኢየሱስ። «ምነው ንባቡን ብቻ ጽፋችሁ ትተዋላችሁ? ትርጓሜ የሌለው ንባብ ክዳን የሌለው ቤት ነው። ከታች ‹ጨምር› ይላል፤ እኛም ጨመርን።»

«ታዲያ ስምዎን ምነው አልጻፉም? ማራኪ እኮ ተናክሰን ልናልቅ ነው!»

«ስም?» ግራ ገባቸው። «ትርጓሜው የመምህሮቻችን ነው። በሰው ቃል ላይ የራሴን ስም ልጻፍ?»

እኛ ሌብነት ያልነው ለካ ትሕትና ነው! ደስታዬ ወሰን አጣ። ፅዮን ጋ ደውዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁና ስልኩን ለየኔታ ሰጠኋቸው። ሁሉንም ነገሯት። ቁልፌ ተረፈ ስል፣ የኔታ ቀጠሉ፦

«ሁሉም ሸጋ ነው፣ ልጄ። አንዷ ብቻ አስቸገረችን። ያቺ ‹እፍ በልበት› የምትለዋ። የጻፋት ሊቅ መሆን አለበት።»

«የትኛዋ እፍ በል?» አለች ፅዮን።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ግን ከየኔታ ጎን አንድ ተማሪ ፊደል እምቢ ብሎት ስልኩን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በዚያ ብርድ፣ ከልቡ እፍ ይላል። «ሰው እዚህ ገጽ ላይ የሚመጣው ሲቸገር ነው» ብላለች ፅዮን።

«እኔ ነኝ የጻፍኳት» አልኩ።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ትርጓሜዋ እንዴት ነው ታዲያ?»

«የላትም የኔታ። ወጥመድ ናት።»

ወደሚጽፈው ተማሪ ዞሩ። «ጻፍ። አንድም፣ ተጠራጣሪ ሰው በባዶ ሜዳ እፍ ሲል ይውላል ሲል ነው።»

ጉብታው በሳቅ ተናወጠ። ፅዮንም በስልኩ ውስጥ ከት ብላ ሳቀች። የሐሰቷን ገጽ እዚያው ቆሜ በገዛ እጄ ሰረዝኳት። አሁን እኔ የምጽፈው ሁሉ መጀመሪያ ኮሶዬ ወጥቶ ሳይተረጎም ለሕዝብ አይለቀቅም።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ግን ትናንት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ማራኪ ዳገት መሃል ላይ ቀጥ አለ። መሐላዬ ትዝ አለኝ። እሺ፣ አንዷን ፈጥሬያለሁ፦ ፅዮን አልሳቀችም። «ገባኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቁልፉን እንዳልቀየረችው ያወቅሁት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ስሞክረው ነው።