ድምፅ፣ ሦስት ላይ

ቤቫን በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን እህቱ ሬይዊን መኪናውን ስታጸዳ ከመሳቢያው ውስጥ አንድ ካሴት አገኘች። በእርሳስ «የጨው አጥር» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቤቫን በወጣትነቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው የሮክ ባንድ ስም ነው። በከተማቸው በዱኒደን እንኳ የሚያስታውሳቸው ከሃያ ሰው አይበልጥም። ሬይዊን ራሷ አንድም ቀን ሄዳ ሰምታቸው አታውቅም። በጠሯት ቁጥር «በጎቹ ሊወልዱ ነው» ትል ነበር፤ በጎች ዓመቱን ሙሉ የሚወልዱ ይመስል።

ካሴቱን እዚያው መኪናው ውስጥ አጫወተችው። ከበሮና ጊታር ብቻ። ከበሮው በዝናብ ቀን ደረጃ እንደሚወርድ ሰው እየተጠነቀቀ ይረግጣል፤ ጊታሩ ይቀድመውና ዞር ብሎ ይጠብቀዋል። እስከ እርሻዋ ድረስ ሰማችው። በማግስቱም ሰማችው። በሳምንቱ አጥር ስትጠግን መዶሻዋ ያንኑ ምት ይመታ ጀመር። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ፍቅር ያዛት።

አንድ ነገር ግን ሰላም ነሳት። በካሴቱ ካርድ ላይ በቤቫን የእጅ ጽሑፍ «ከበሮ 7፣ ጊታር 6፣ ቤዝ 5፣ ድምፅ 3» ይላል። የቱ ድምፅ? ቤቫን ስልክ ላይ መልእክት የማይተው ሰው ነበር፤ ድምፁ የተቀዳበት ሌላ ምንም ነገር የላትም። ካሴቱን ስትገለብጠው የሚሰማው ደግሞ ውሻ ከአጥንት ጋር ሲታገል የሚያሰማው ዓይነት ጉርምርምታ ነው።

ከበሮ መቺው ታማቲ ፖርት ቻልመርስ በምትባል የወደብ ከተማ ዓሣና ድንች እየጠበሰ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። እሱ ዘንድ ሄደች።

«ዘፋኙን የት ጣላችሁት?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ዘግይተሽ መጥተሽ ደግሞ ታፋጥጪኛለሽ? በምን አጫወትሽው?»

«በመኪናው።»

ታማቲ ጭልፋውን አስቀምጦ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ግማሹን ባንድ የኋሊት ነዋ ያስኬድሽው! የቀዳነው በአራት መስመር መቅጃ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ መስመር። አራቱም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ተራ ማጫወቻ ሁለቱን ብቻ ያሰማሻል፤ ስትገለብጪው የቀሩት ሁለቱ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ይመጣሉ። ያ የሚያጉረመርመው ቤቫን ነው።»

«መቅጃውስ የት አለ?»

«ጎርፍ ወሰደው። ተዪው ሬይ፣ ዛሬ ማን አለው ብለሽ ነው?»

«አልተውም።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ አርባ ቦታ ደወለች። በመጨረሻ ኢንቨርካርጊል ከተማ ያለች አንዲት ጡረተኛ የመዘምራን መሪ «ዕቃ ቤት ውስጥ አለኝ፣ ግን ካሴቱን የሚያሽከረክረው ጎማ ቀልጧል» አለቻት። ሬይዊን ሦስት ደርዘን አይብና ሽንኩርት የተጠቀለለበት ዳቦ አዘጋጅታ ሁለት ሰዓት ተኩል ነዳች። ሴትዮዋ አንዱን ቀመሰች። «ሽንኩርት አልሰሰትሽም፤ በይ ውሰጂው» አለቻት። ጎማውን ታማቲ ከሌላ አሮጌ ቴፕ አውጥቶ ገጠመለት።

ሱቁ ከመከፈቱ በፊት መቅጃውን በድንች ጆንያዎች መካከል አስቀመጡት። ለአራቱ መስመሮች ቁጥር ያላቸው አራት ተንሸራታች ከፍ ዝቅ ማድረጊያ ቁልፎች አሉት። ሬይዊን አራተኛውን፣ የድምፁን፣ እስከ ጫፍ ገፋችው።

ቤቫን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ልክ ስልክ ሲያነሳ እንደሚያደርገው። ከዚያ ዘፈነ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ አልፎ አልፎም ከዜማው ይወጣል። ታማቲ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እንዲህ ከፍ እንዳለ በሌላ ካሴት ልቅዳልሽ?» አላት። «እሱ ግን ድምፁን እዚያ ድረስ አስወጥቶት አያውቅም። ሰው ከፈለገ ቀረብ ብሎ ይስማ ይል ነበር። ስንቴ ተጣላን መሰለሽ!»

ሬይዊን ጣቷን ከቁልፉ ላይ ሳታነሳ ካርዱን ደጋግማ አየችው። ከበሮውን ሰባት፣ ጊታሩን ስድስት፣ ቤዙን አምስት ላይ አደረገች። መጨረሻ ላይ ድምፁን ቀስ አድርጋ ወደ ሦስት አወረደችው። ቤቫን ጊታሩ ሥር ገባ። እሷም ጆንያው ላይ ተደግፋ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ከመጀመሪያው መልሰው» አለች።

ውጭ አንድ ደንበኛ በሩን አንኳኳ።

«ገና አልተከፈተም!» ስትል ጮኸችበት።