የመሪው ወገብ

ልብስ ሰፊዋ ያልለካችው ነገር የለም። ሙሽራ ለክታለች፣ መጋረጃ ለክታለች፣ አንዴም ብርድ ለጠናበት የጎረቤት ውሻ ለክታ ካፖርት ሰፍታለታለች። የመኪና መሪ ግን ለክታ አታውቅም ነበር።

ነገሩ የመጣው በባሏ ጉልበት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሹፌርነት የኖረው ሰውዬ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ ጉልበቱ እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። የአሮጌዋ መኪናቸው መሪ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሊገባ ሲል ጭኑ ከመሪው ሥር ይቀረቀራል። ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋና «ትሸጥ!» አለ። አንድ ጎረቤት ቅዳሜ መጥቶ ሊያያት ቀጠሮ ያዘ።

ከዚያ ወዲያ የባልየው ሥራ መስኮት ሥር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሹፌር ማማት ሆነ።

«ማርሽ አያያዙን እይልኝ! ሊጥ የሚያቦካ ነው የሚመስለው።»

ሚስቱን ያሳሰባት መኪናዋ አልነበረችም። ሰውዬው ከዚያ ወንበር ሳይነሳ እንዳያረጅ ፈራች። አንዲት ደንበኛዋ «መሪ እኮ ይቀየራል፤ አነስ ያለ ይሸጣል» ስትላት፣ ባሏ እስኪያንቀላፋ ጠብቃ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች። ለካች። በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄዳ የባሏን ጉልበት ነገር ለሻጩ አጫወተችው።

«አሁን ያለው ስንት ነው፣ እትዬ?» አላት ሻጩ።

«መቶ ሃያ ስድስት።»

«መቶ ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር? የሚነዱት መርከብ ነው እንዴ?»

«አታሹፍ! በገዛ እጄ ነው የለካሁት።»

ሜትሯን አወጣችና ባንኮኒው ላይ ባለው መሪ ዙሪያ ጠመጠመችለት፤ ልክ የደንበኛ ወገብ እንደምትለካው። ሻጩ ሳቁ አላናግር አለው።

«ዙሪያውን አይደለም እትዬ፣ በመሃል ነው! ከዳር እስከ ዳር!»

«ወገብ በመሃል ተሰንጥቆ ይለካል?»

ሲሰላ አርባ ሆነ። ሻጩ ሁለት መሪ አወረደላት። «ሠላሳ አምስቱ ለጉልበቱ ሰፊ ቦታ ይለቃል። ግን መኪናዋ የድሮ ናት፤ መሪውን የሚያቀልላት ነገር የላትም። መሪ ባነሰ ቁጥር ለመጠምዘዝ ይከብዳል። ሠላሳ ስምንቱ ቀለል ይላል፤ ጭኑን ማሳለፉን ግን እኔንጃ።»

«እኔ ሳይለካ ልብስ አስረክቤ አላውቅም። ሁለቱንም ስጠኝ፤ ያልሆነውን እመልስልሃለሁ።»

«በቤታችሁ መሪው እርስዎ ነዎት ማለት ነው።»

«ዛሬ ገና ገባህ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሻጩ የላከው መካኒክ የድሮውን መሪ ሲፈታ ባልየው በመስኮት አየና እያነከሰ ወረደ።

«አንቺ ሴትዮ! ለሚሸጥ መኪና አዲስ መሪ?»

«ገዢው ዓይን ውስጥ እንድትገባ ነው። ይልቅ ቁጭ በልና አሳየኝ።»

መጀመሪያ ትንሹ ተገጠመ። የሰውዬው ጭን ሰተት ብሎ ገባ፤ ፊቱ በራ። ከዚያ ሊጠመዝዝ ሲሞክር የአንገቱ ሥር ተገታተረ።

«ይሄ መሪ ነው ወይስ የወፍጮ ድንጋይ?» ፊቱ መልሶ ጠቆረ። «አልኩሽ እኮ፤ ተዪው።» ዓይኑን ወደ መስኮቱ ጣል አደረገ።

«አትውረድ!» አለችው፤ ድምጿ ራሷን አስደነገጣት።

ሠላሳ ስምንቱ ተገጠመ። መሪው ሱሪውን ዳሰሰው እንጂ ጭኑን አላስቆመውም። ወደ ግራ አዞረ። ወደ ቀኝ አዞረ። ባል ነውና እንከን ፈለገ።

«የፍጥነት መቁጠሪያውን ሸፈነብኝ።»

«እሱ እኮ ካበቃለት ስንት ዘመኑ!»

«ቢሆንም።»

ይህን እያለ ግን የኋላ መስታወቱን እያስተካከለ ነበር። ሞተሩን አስነሳ። ገዢው ጎረቤት ያን ጊዜ በር ላይ ደረሰ።

«መኪናዋን ለማየት ነበር...»

«ግባና እያት!»

ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ መስኮት ሥር ያለውን ወንበር አነሳችና ለደንበኞች መቀመጫ እንዲሆን የልብስ ስፌት መኪናዋ ጎን አኖረችው። ምሳ ሰዓት አልፎ ሲመለሱ ገዢው ላብ በላብ ሆኖ ወረደ።

«እትዬ፣ እኔስ ይቅርብኝ» አላት በሹክሹክታ። «መንገድ ላይ ያልሰደበው ሹፌር የለም።»

«መስኮቱን ከፍቶ ነው ዘግቶ?»

«ከፍቶ!»

«ጎሽ» አለችና ትንሹን መሪ ለሱቁ ልትመልስ በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች።