የኮከቧ ጉርድ ፎቶ

«የመጀመሪያ ፎቶዋን ያነሳኋት እኔ ነኝ!» ይላል ፎቶ አንሺው አጎቴ፣ ስለ ዝነኛዋ ተዋናይ። ፂሙን ሊላጭ ሲቀመጥ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ታክሲ ሲሳፈር ለረዳቱ። ሰፈሩ ጆሮው ደንድኖ «ጋሼ፣ የእኔንስ ቅድመ አያት አላነሳህም?» እያለ ያሾፍበታል።

ተዋናይዋ በሞተች በሳምንቱ እናቷ ፎቶ ቤታችን በር ላይ ቆሙ። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሷል።

«ቤታችን ሲቃጠል የልጅነት ፎቶዋ አብሮ ሄደ» አሉ። «በየግድግዳው የተለጠፈችው የሕዝብ ናት። የእኔዋን ስጡኝ።»

አጎቴ ደረቱን ነፋ። «እማማ፣ እቤትዎ ይጠብቁኝ። ነገ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ነገ ማለት ፎቶ ቤቱን ባዶ አድርገን ለአፍራሾች የምናስረክብበት ቀን ነው። አጎቴ ካነሳው ሰው ሁሉ አንድ ጉርድ ለራሱ ያስቀራል፤ ከጀርባው ግን ስም አይጽፍም። «ስም የሚጽፍ ዓይኑን የማያምን ነው» ባይ ነው። የዕድሜ ልክ ፊት ወለሉ ላይ ዘረገፍን።

«ጋሼ፣ እናትየው ራሳቸው ቢያዩትስ?»

«አንቺ ምላጭ! እኔ ያነሳሁትን ሌላ ሰው ይለይልኝ? እንግዲያውስ ሰፈሩ እውነቱን ነው፣ ቀጣፊ ነኛ!»

«ታዲያ በምን ትለያታለህ?»

«ጉንጯ ላይ ባለችው ጥቁር ነጥብ ነዋ። አገር ያወቃትን!»

ነጥብ የሌለው ሁሉ ወደ ማዳበሪያ ገባ። አንዷ ላይ ግን እጄ ቆመ፤ አንገቷ መለል ያለ፣ ካሜራውን «ምን ታፈጣለህ?» የምትል የምትመስል ልጅ። ፊት ማንበብ ማንም አላስተማረኝም፤ ከእነዚሁ ጉርዶች የለቀምኩት ነው።

«ይቺስ?»

«ነጥቧ የታለ?» ብሎ ነጠቀኝና ማዳበሪያው ውስጥ ከተታት። እኔም፣ ለማንም የማልመለሰው፣ ቀጣዩን ጉርድ አነሳሁ።

ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ማዳበሪያዎቹን ጭኖ ሄደ። ነጥብ ያላት አንዲትም አልተገኘችም። እናትየው ቤት ስንደርስ አጎቴ እኔን በክርኑ ገፋ አደረገኝ።

«እማማ፣ ፈልገን አጣናት» አልኩ። «ነጥቧን እያየን አንድ በአንድ ነው የለቀምነው።»

«የምን ነጥብ?»

«ጉንጯ ላይ ያለችው።»

እናትየው አንዴ እኔን፣ አንዴ አጎቴን አዩ።

«እሷንማ በዓይን ኩል የሚስሉላት የፊልም ሰዎቹ ናቸው» አሉ። «ልጄ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረባትም።»