ጀርባ ደህና

የመለማመጃው አሻንጉሊት ወገቡ ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከጣውላ ጋር በፕላስተር ስለተጠፈረ ማገላበጥ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ በሚሰጠው የአደጋ ሕክምና ስልጠና፣ የአምቡላንስ ባለሙያው ሁሉ ጀርባ መፈተሽ ላይ ሲደርስ «ጀርባ አየሁ፣ ደህና» ይልና ያልፋል። በአፍ የሚሠራ ሥራ ማንን ይከብዳል?

ከባለሙያዎቹ ለአንዱ «ጥይቱ» የሚለውን ስም ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአምቡላንስ ሲከንፍ አደጋ ቦታ የቀደመው የለም። ዘንድሮ ግን መመሪያ ወጣ። የስልጠናውን ፈተና የወደቀ ከመኪና ወርዶ የአደጋ ጥሪና የአምቡላንሶችን ሬዲዮ የሚቀበለው ስልክ ክፍል ይቀመጣል፤ ለጥይቱ ይሄ በቁም መቀበር ነው። ደግነቱ አሰልጣኟ ሥራ የጀመረችው በእሱ እጅ ነው፤ ቃሬዛ አያያዝ ሳይቀር ያሳያት እሱ ነው። «ልጄ አይደለች እንዴ፣ ምን አስፈራኝ» እያለ ጓደኞቹን ሲያበሽቅ ሰነበተ።

በፈተናው ቀን አሻንጉሊቱ የለም። ወለሉ ላይ የተዘረጋው የግቢው ጥበቃ ነው፤ ራሱን እንደሳተ ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። ጥይቱ ጓንቱን አጥልቆ ተንበረከከ። አተነፋፈሱን አየ፣ ቀለም የተቀባውን ጭን ጠበቅ አድርጎ አሰረ፣ ያሰረበትን ሰዓት ጻፈ። እጁ ሲሠራ ያስቀናል። የአንገት መደገፊያውን እያስተካከለ አፉን ሞልቶ «ጀርባ አየሁ፣ ደህና» አለና ጨረሰ።

ጥበቃው ወገቡን ይዞ ሲነሳ ሸሚዙ ከኋላ በቀይ ቀለም ርሷል።

ጥይቱ ክው አለ። ያስደነገጠው ፈተናው አልነበረም። በእነዚህ ሁለት ዓመታት «ደህና» ብሎ ያስረከባቸውን ሰዎች ጀርባ ለማስታወስ ሞከረ፤ አንድም አልመጣለትም። አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ፈራ።

አሰልጣኟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከሦስታቸው በቀር ያየ እንደሌለ፣ ከፈለገ እንደገና መጀመር እንደሚችል ነገረችው።

«አላየም ብለሽ ጻፊ» አላት።

«ጋሼ፣ ስልክ ክፍል እኮ ነው።»

«ጠፍቶኝ ነው? ጻፊ።»

ጻፈች።

ስልክ ክፍል ገብቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተጎለተ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከሕንፃ ግንባታ ላይ የወደቀ ሠራተኛ ካነሳ አምቡላንስ በሬዲዮ ተጠራ። ባለሙያው የሰውየውን አተነፋፈስ፣ የልብ ምቱን፣ የተሰበረ ክንዱን አከታትሎ ነገረው። «ጀርባ አየሁ፣ ደህና» ብሎ ሊዘጋ ሲል ጥይቱ አቋረጠው።

«በዓይንህ ነው ያየኸው ወይስ በአፍህ?»

በሬዲዮው መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ ተሰማ።

«ጋሼ» አለ ባለሙያው፣ ድምፁ ተለውጦ፣ «እየደማ ነው።»

«ጫን አድርገህ ያዘው፤ እንዳትለቀው።»

ጥይቱ ሰዓቱን ጻፈ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አዞረና ለሆስፒታሉ ደወለ።