ሪባን የታሰረላት ጄሪካን

ኬሚስቷ ሰፈር ሳያገማ ከጥሬ ቆዳ ላይ ጸጉር የሚያራግፍ ውህድ ሠርታ ለዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ካሳወቀች ወዲህ ቢሮው ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ዐውደ ጥናት አዘጋጀ፣ ኮፍያ አሳተመ፣ ስለ ዐውደ ጥናቱ ደግሞ ሌላ ዐውደ ጥናት ጠራ። ውህዱ ግን ከላቦራቶሪው መደርደሪያ ንቅንቅ አላለም። የቢሮውን ኃላፊ፣ ያለዚያች ቃል አፉን ስለማይከፍት፣ መምህራኑ "ትስስር" ይሉታል።

"ታዲያ ፋብሪካ የሚገባው መቼ ነው?" ብላ ስትጠይቀው፣

"ዶክተር፣ ትስስር እኮ ሂደት ነው" ይላታል ክራቫቱን እያቃና።

የታላቅ እህቷ ባል ከከተማው ዳር ትንሽ ቆዳ ፋብሪካ አለው። ጎረቤት በግማቱ ተማሮ ሊያዘጋው ደርሷል። አንድ ቅዳሜ እህቷ ደወለች።

"አንቺ፣ ያ የምትኩራሪበት ነገርሽ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ! ለእኛ አታመጪውም?"

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ "ወስጄ ልሞክረው?" ብትለው "እኔ አልሰማሁም" አላት። ፈቃድ ማለት ይኸው ነው ብላ በጄሪካን ቀድታ ሄደች።

የመጀመሪያው ገንዳ ጉድ አፈላ፤ ቆዳው እንደ ራሰ ወረቀት ተበጣጠሰ። እህቷ ባሏን አየች፤ ባሏ ጣሪያውን። ለካ የገንዳው ውሃ ከላቦራቶሪዋ ውሃ ይልቅ ይሞቅ ኖሯል። አስቀዝቅዛ ደገመችው። ጸጉሩ እየተንሸራተተ ወረደ፣ ቆዳውም ዳነ። ውሎ አድሮ ዋናዋ ከሳሽ ጎረቤት መስኮቷን ከፍታ ታየች።

ወሬ መቼ ይደበቃል! ትስስር ካሜራና ባነር አስይዞ፣ መኪና ሙሉ ሰው አስከትሎ ከተፍ አለ። ባነሩ "ዩኒቨርሲቲያችን ቴክኖሎጂ አሸጋገረ" ይላል። የሚሸጋገረው ነገር አስቀድሞ ገንዳ ስለገባ፣ ባዶ ጄሪካን ተፈልጋ ሪባን ታሰረላት።

"እርስዎ ያስረክቡ፣ ባለቤቱ ይቀበሉ" አለ ትስስር፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ።

"ውህዱን ቀድሞ ለተቀበለ ሰው ምን ብዬ ላስረክብ?"

"ለፎቶ ነዋ!"

"ለፎቶ ከሆነማ እርስዎ ያምርብዎታል" ብላ ገለል አለች።

እሱ እንደሆን ዓይኑን በጨው የታጠበ ነው። ባዶዋን ጄሪካን እንደ ከበደችው ሁሉ በሁለት እጁ ተሸክሞ አስረከበ። የእህቷ ባል ሳቃቸውን የዋጡ ሠራተኞቹን እያየ፣ "እግዜር ይስጥልን፤ ደግሞ ሞልታችሁ አምጡልን" አለ።

ዓመት ሳይሞላ ትስስር የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። የሹመቱ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ሲጨበጨብ ኬሚስቷ አልነበረችም። የእህቷ ባል የላካት ሌላ ፋብሪካ ውስጥ፣ እስከ ክርኗ ጓንት አጥልቃ ጥሬ ቆዳ ታገላብጥ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ተደውሎ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ፤ እጇ ርጥብ ነበርና አላነሳችውም።